የሜላት ሁለት አሻንጉሊቶች

በሕይወቴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ልጄ ተጠርታ።

ሜላት እዚሁ ቬጋስ የተወለደች የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሳይኮሎጂ ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷ የሀበሻ ሕፃናት ደግና ክፉ ይለዩ እንደሆነ ማየት ስለሆነ፣ የሁለት ዓመት ልጄን ሶልያናን ይዤላት ሄድኩ።

አንዷ አሻንጉሊት ስትረዳ፣ ሌላዋ ስትቀማ አሳየቻትና ሁለቱንም ዘረጋችላት። ልጄ ደጓን ወሰደች። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቴም ደጓን።

«አየሽ? እስካሁን ያየኋቸው ልጆች ሁሉ ሴም ናቸው፤ ሁሉም ደጓን ነው የሚመርጡት» አለች ሜላት ደስ ብሏት።

እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ዝም ልል ነበር። ግን ደጓ ሁልጊዜ የምትቀርበው በልጄ ቀኝ በኩል ነው። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን «በቀኝሽ ተቀበይ» እያልን ነው የምናሳድገው።

«ሜሉዬ፣ እስቲ ቦታ ቀይሪያቸው» አልኳት ቀስ ብዬ።

ቀየረች። ሶልያና ቀማኛዋን ወስዳ ሳመቻት።

ሜላት ወረቀቷን ትክ ብላ አየች። «ፕሮፌሰሬ ይህን ቢያይ ይጥለኝ ነበር። ሁሉንም እንደገና ላደርገው ነው።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ።

«አጠገቤ ቁጭ በይ። ከአሁን በኋላ ቼክ የምታደርጊልኝ አንቺ ነሽ።»