ሽማግሌ ያቆየው ይግባኝ

የወረዳው ዳኛ እናቴ ቤቱን ለቃ እንድታስረክብ የሚለውን ፍርድ ከወረቀቱ ቀና ሳይል አነበበው። ድምፁ ዝሏል፤ በዚያ ሙቀት የማንም ድምፅ ይዝላል። ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። ግቢው ግን የታላቅ ወንድሙ ነበር። በቃል ተስማምተው ኖሩበት፣ ተከታትለው ሞቱ፣ ከዚያ የአጎቴ ልጅ ከሰሰን። ማስረጃ ስንባል ከግድግዳው በቀር የምናሳየው አልነበረንም።

የፍርዱን ግልባጭ አውጥቼ ይግባኙን መጻፍ ስጀምር ሦስት ሽማግሎች ደጃችን መጡ። የላካቸው ያው የአጎቴ ልጅ ነው።

«የአንድ ቤት ሰዎች ደብረ ብርሃን ድረስ ተካሳችሁ ምን ልታተርፉ?» አሉ አንደኛው፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤታችን። «ነገሩ በእጃችን እስካለ ድረስ ፍርድ ቤት እንዳትሄጂ።»

«እሺ ጋሼ» አለች እናቴ።

ከሄዱ በኋላ የይግባኙ ጊዜ እንደሚያልፍብን ነገርኳት።

«ሽማግሌ አስቀምጦ ክስ? ሰው ምን ይለናል?»

የጀመርኩትን አጥፌ አስቀመጥኩ።

ሽማግሎቹ ደጃችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። አንዴ የአጎቴ ልጅ ካራቆሬ ሄዷል ተባለ፣ አንዴ የማሽላ አጨዳ ደረሰ፣ አንዴ ለቅሶ መጣ። ሲገኝ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «እናንተ ያላችሁኝን» ይላል፤ ሽማግሎቹ መርቀውት ሌላ ቀን ይቀጥራሉ። የይግባኙ ጊዜ ባለፈ ሰሞን መምጣቱን ተወ። በእሱ ፈንታ ቤቱን እንድንለቅ የአፈጻጸም ትእዛዝ መጣልን።

ደብረ ብርሃን ወጣሁ። የከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ቀኑን አይታ ወረቀቴን መለሰችልኝ።

«ጊዜው አልፏል። ለምን እንዳለፈ ጽፈህ መጀመሪያ አስፈቅድ።»

«ሽማግሌ ይዞን ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሽማግሌው መጥቶ ይናገርልህ።»

ማመልከቻ አስገብቼ ቀጠሮ ስይዝ ሁለቱ ሽማግሎች ድንገት እግራቸውን አመማቸው። ጎረቤታችን ግን በቀጠሮው ጠዋት ከእኛ ቀድመው መናኸሪያ ቆመው አገኘናቸው፣ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ።

«አባባ፣ በሽርጥ ደብረ ሲናን ሊወጡ?» አለ የሚኒባሱ ረዳት። «ብርዱ አይምርዎትም።»

«ይበለኝ። ሰው ሳሞኝ ከርሜ ጋቢ ያምረኛል?»

እናቴ ትእዛዙ ከመጣ ወዲህ አላናገረቻቸውም ነበር። ዳገቱን ጨርሰን ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዞር ብላ ሳታያቸው ነጠላዋን አውልቃ ጭናቸው ላይ ጣለችላቸው።

ችሎት ስንገባ የመሀል ዳኛዋ ጠየቋቸው። «ይግባኝ እንዳትል የከለከሏት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እርቅ ሲጀመር ክሱም ቀኑም አብሮ የሚቆም መስሎኝ።»

«የሕጉ ቀን ለእርቅ አይቆምም፣ አባቴ።»

«አሁን አወቅሁ። ያላወቅሁት እኔ፣ ከቤት የምትወጣው እሷ። ይሄ ነው እዚህ ያመጣኝ።»

ዳኞቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ይግባኙን እንድናቀርብ ፈቀዱ፤ ታይቶ እስኪወሰን ድረስም ከቤቱ እንዳንወጣ አፈጻጸሙን አገዱ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያማረኝ ግን የሆነ ቦታ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ስንመለስ ከተማችን ሮቢት እስክንደርስ ሦስታችንንም እንቅልፍ ወሰደን።

አፈጻጸሙ ከመጣ ጀምሮ እናቴ ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት አስራ በሩ ሥር ደርድራው ነበር። ከረጢቶቹን ተሻግሬ ገባሁና አንዱን ያዝኩ።

«ልፍታው?»

ጫማዋን እያወለቀች ትንሽ አሰበች።

«አንሶላውንና ድስቱን አውጣ» አለች። «ሌላው እስከ ቀጠሮው እንደታሰረ ይቆይ።»