ያልተፋቀው ምርጊት

ከቤት የወጣሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ እጄ ላይ ገና ጭቃ ነበረ። ቀኑን ሙሉ የእናቴን ግድግዳ ስመርግ ዋልኩ። እንደምሰደድ አልነገርኳትም፤ ደህና ግድግዳ ትቼላት ብሄድ የሚቀልላት መስሎኝ ነበር። ሞኝነት ነው፣ ግን ያኔ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዝናብ ቀርቶብን ነበር። ሰቆጣ ቤታችን ከድንጋይ ነው፤ ከውስጥ በጭቃ ይመረጋል፣ ጭቃውን የሚይዘው ደግሞ ጭድ ነው። በዚያ ዓመት ጭዱ ለከብቶቹ እንኳ አልበቃም፤ ከበሬ አፍ ነጥቆ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ የለም። ከከተማው ዳር በጦርነቱ የፈረሰ የእህል መጋዘን ነበረ። ክዳኑ ቅርፁ እንደ ቆርቆሮ፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ የሆነ ግራጫ ነገር ነው፤ ሲሰበር ውስጡ እንደ ቃጫ ክር ክር ይላል። «ይኸማ ጭቃ ይይዛል» ያልኩት እኔ ነኝ። ስብርባሪውን ተሸክሜ አመጣሁ፣ እናቴ በሙቀጫ ወቀጠችው፣ እኔ ከጭቃው ጋር አቦካሁት። ስትወቅጥ በቋንቋችን በኽምጣኛ ታንጎራጉር ነበር። ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ሳያት ዱቄት ቤት ያደረች አይጥ መስለሻል ብዬ ሳቅሁባት። ያ ሳቅ እስካሁን አልለቀቀኝም።

መተማ፣ ካርቱም፣ በረሃው፣ ጀልባው፤ መንገዱን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላደክማችሁም። ካርቱም ብቻ ሦስት ዓመት ሳህን አጥቤያለሁ። መጨረሻዬ እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ የምትባል ከተማ ሆነ። እዚህ ሲዘንብ ሰው ይማረራል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ደጅ ወጥቼ እቆም ነበር፣ ይህ ሁሉ ውሃ እኛ አገር ደረቁ ቆላ፣ ዝቋላና ሰሃላ ላይ ቢወርድ እያልኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ ዛሬም አልወጣም፤ ከዚህ አገር እግሬን ካነሳሁ መመለሻ የለኝም።

ላንድሎርዴ፣ ማለትም ቤት አከራዬ፣ ግድግዳው ሻገተ ስለው መስኮት ክፈት ይለኛል፤ መስኮት ስከፍት ደግሞ ሙቀት አታባክን ብሎ ይቆጣል። አንድ ቀን የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ልሰቅል ምስማርና መዶሻ ይዤ ሲያገኘኝ ግን ፊቱ ነጣ።

«እሱን አትምታው፣ አስቤስቶስ ነው» አለኝ።

«ሻጋታውስ?»

«ሻጋታው አይገድልህም።»

በዚያው ሳምንት እሱም አስቤስቶስ የሆነውን የጋራዡን የተሰነጠቀ ክዳን የሚያነሱ ሠራተኞች አመጣ። እስከ አናታቸው ነጭ ለብሰው፣ አፍና አፍንጫቸውን በጭንብል ሸፍነው ሳያቸው የተገነዙ ሰዎች መሰሉኝ። ክዳኑን ውሃ እየረጩ፣ ሳይሰብሩ አንድ በአንድ አውርደው በወፍራም ፕላስቲክ ጠቀለሉት። በመስኮት አተኩሬ አየሁት። የመጋዘኑ ክዳን ነው፣ ያው ግራጫ።

ወርጄ አለቃቸውን አገሬ ሳለሁ ይህን ወቅጠን ግድግዳ መርገንበታል አልኩት።

«በምን ወቀጣችሁት?»

«በሙቀጫ። የወቀጠችው እናቴ ናት።»

እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያሳርፍ አለና የለበሰው ልብስ ትዝ ብሎት መለሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አስቤስቶስ ክር ክር የሚል የድንጋይ ዓይነት ነው፤ ሳይነካ ቢቀመጥ ብዙም አያሰጋም፤ የሚጎዳው ሲሰበርና ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ነው። የተተነፈሰው ምንም ላያደርግ ይችላል፣ ወይም ሃያና ሠላሳ ዓመት ሳንባ ውስጥ ተኝቶ ይነሳል፤ ማንም አያወጣውም። ግድግዳውን ግን አትፋቁት፣ በደረቁ አትጥረጉት፣ አርጥባችሁ በላዩ አዲስ ጭቃ ደርቡበትና ተዉት አለኝ።

ሁዳዴ እየተገባደደ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ለፋሲካ አሮጌው ምርጊት ተፍቆ በአዲስ ይመረጋል። በየዓመቱ የምትፍቀው እናቴ ናት። ዓመቶቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ አስር ሞላ። ሰቆጣ ቴሌ ደወልኩና እናቴን እንዲጠሩልኝ ለማግስቱ ቀጠሮ ያዝኩ። እስከዚያ እህል በአፌ አልዞረም።

ድምጿን ስሰማ ሰላምታውን እንኳ አልጨረስኩም።

«እማዬ፣ እኔ የመረግኩትን ግድግዳ ፍቀሽዋል?»

 ያፈረች በሚመስል ድምፅ ነገረችኝ። ሌላውን ሁሉ በየዓመቱ ትፍቃለች፤ እሱን ግን ማንንም አስነክታ አታውቅም። በሩ አጠገብ ጭቃው ሳይደርቅ ተደግፌው ኖሮ አምስቱም ጣቴ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስትወጣም ስትገባም እጇን ታሳርፍበታለች።

ተመስገን አልኩ፤ እንባዬም መጣ። ያስልሻል ወይ ብላት የብርድ ነው አለችኝ። የወቀጥነው ነገር መርዝ መሆኑን ነግሬ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ግድግዳውን አርጥባ በወፍራም ጭቃ እንድትሸፍነው ለመንኳት።

«ጣትህንስ?»

«እሱንም፣ እማዬ። ሁሉንም።»

ሳሉ ያዛት። እስኪተዋት ቀፎውን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ቆየሁ።

«ዕቃውን ወቅጫለሁ፣ የመጣውን እችላለሁ» አለች። «ጣትህን ግን በእጄ አልሸፍንም። መጥተህ አንተው ምረገው።»