የቃሬዛው ስፋት

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከጥሊሊ በላይ ባለው ተረተር አናት ላይ ነው። ከደጃፏ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በጀርባዋ ተኝታለች። ወጌሻው አይቶ፣ «ይህስ ከእኔ በላይ ነው፤ ሆስፒታል አውርዷት» ብሎ ሄደ። የሰፈሩ ወንዶች በማግስቱ ጠዋት በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ሊያወርዷት ተስማሙ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየት በኩል?

መጠየቃቸው ያለ ነገር አልነበረም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንወጣ የምንወርድበትን መንገድ፣ ከተረተሩ ሥር የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ዲከረንስ ተክሎ ዘግቶታል። ለከሰል የሚሆን ዛፍ ነው፤ ተጠጋግቶ ስለሚተከል ካደገ በኋላ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍበትም። መሬቱ የእሱ ነው፤ መንገዱ ግን የሁላችን ነበር። ሲተክል ማንም አልተናገረውም፤ ሁሉም የሚተክለው ያንኑ ነበርና። አሁን ዙሪያውን መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ከእንጅባራ በሚኒባስ መጥቼ እሱ ቤት ስደርስ ይህን ሰማሁ። ወንድሜ፣ «በተረተሩ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚያወርድ አለ፣ እታለም። ፍየሎች ይወጡበታል» አለኝ።

«እህትህ ፍየል ናት?»

በእጁ ወደ ተረተሩ ጀርባ ጠቆመ።

«ና አሳየኝ» አልሁት።

ከመነሳታችን በፊት ከጓሮው አንድ ቀርከሃ ቆረጥሁ። ርዝመቱን ቃሬዛውና ግራ ቀኝ የሚሸከሙት ሰዎች የሚይዙትን ስፋት ያህል አደረግሁት።

«ምርኩዝ ነው?» አለኝ።

«እህትህ ናት። የማታልፍበትን ታልፋለች እንዳትለኝ።»

እሱ ከፊት ቁጥቋጦውን በገጀራ እየመታ፣ እኔ ከኋላ ሥር እየጨበጥሁ ወጣን። «እዚህ ያሳልፋል» ባለ ቁጥር ቀርከሃውን አጋድሜ አየሁ። መጀመሪያው ላይ አለፈ። ቀጥሎ ከሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀረቀረ።

«ትንሽ ያዘነብሏታል» አለ።

«ዳሌዋ የተሰበረ ሰው ያዘነብላሉ?»

ከዚያ በላይ መንገዱ የገደል ጠርዝ ሆነ። ቀርከሃውን ሳጋድመው ግማሹ አየር ላይ ቀረ። ወንድሜ ወደ ታች አየና በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ፊትና ኋላ ሆነው ቢይዟትስ?»

«ጎኗን ማን ይደግፍ? አንተ ገደሉ ላይ ትቆማለህ?»

ላቡን ጠረገ። «አንድ ክረምት ነው የቀረው፣ እታለም። አንድ ክረምት ቢያልፍ ዛፉ ለከሰል ይደርስልኝ ነበር።»

«እሺ፣ እሷን አንድ ክረምት ጠብቂ እልልሃለሁ።»

ወረድን። ከዛፎቹ አጠገብ ስንደርስ ቀርከሃውን በአሮጌው መንገድ ላይ አጋደምሁት። በሁለቱም ጫፉ ግንድ ነካ። ወንድሜ አየውና ቤት ገብቶ መጥረቢያ ይዞ መጣ። እሱ እየቆረጠ፣ እኔ ቀርከሃውን አጋድሜ ይዤ ከኋላው ሄድሁ። ዛፍ ሲነካብኝ እቆማለሁ። የእግሬ ድምፅ ሲጠፋበት ዞር ይልና ተመልሶ ይቆርጣል። አንድም ዛፍ አላለፍሁለትም።

ጠዋት እህታችንን ስናወርድ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጉቶዎቹን አየች።

«ወይኔ፣ የወንድሜን ዛፍ» አለች። «ምነው ትንሽ ብትታገሱት?»

ወንድሜ ቃሬዛውን ከፊት በግራ በኩል ተሸክሟል። አንዱን ጉቶ ተራምዶ አለፈ።