ለሹፌሩ የማይታየው ስኳር

«ስሜ ካለ አይበቃም? ሕመሜ ምን ያደርግላችኋል?» አሉ መምህሩ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ።

«ስምዎን ይዤ የትኛውን መድኃኒት ላንሳ?» አለች ሲስተር።

ሀዋሳ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ቢሯችን ነን። ሥራችን ሕመምተኞችን በየቤታቸው መርዳት ነው። ደንበኛው ስልኩ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ሲጫን እኛ ጋ ማንቂያ ይጮኻል፤ ሲስተርና ሹፌሩ ይበራሉ። የእኔ ድርሻ ኮምፒውተሩ ነው። ግጥም እንደምጽፍ ካወቀች ወዲህ ሲስተር በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት እኚህ ጡረተኛ መምህር ስኳራቸው ወርዶ ምልክቱን ተጫኑ። ማንቂያው ያለው «አንድ ተጠቃሚ እርዳታ ይፈልጋል» ብቻ ነበር። ማን? የት? ሲስተር ለደንበኞቹ ተራ በተራ ደውላ እሳቸው ጋ እስክትደርስ፣ ጎረቤት ወለሉ ላይ አግኝታቸው ጣፋጭ ሻይ አጠጥታቸው ነበር። ባታገኛቸውስ?

ስለዚህ የደንበኛው ዝርዝር ከማንቂያው ጋር አብሮ እንዲመጣ አደረግኩ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ አንዲት ምልክት ማድረግ ነው፣ ያን ያህል አያኮራም። ለሙከራ መምህሩን ጠርተን አስጫንናቸው። ስማቸው መጣ። ከሥሩ፦ አድራሻ፣ ሀዋሳ። የጤና ሁኔታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

«ገጣሚው፣ ይሄንንም አንተ ነህ የጻፍከው?» አለች ሲስተር።

ሲመዘገቡ ራሳቸው የሞሉት ነው። የሌሎቹን ብከፍት አብዛኛው ያው ሆነ። ስለ ጤናው የተጠየቀ ሰው ሌላ ምን ይመልሳል?

«ይመስገን ካሉማ ምን አስነሳን፣ እዚሁ እንቀመጥ። ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምረው አድራሻዎ ሀዋሳ?» አለቻቸው ሲስተር።

«ከተማዋ ትንሽ ናት ብዬ ነዋ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሹፌሩን አስተምሬዋለሁ። ሲያረፍድ በር ላይ አቆመው ነበር። ዛሬ ስኳሬን በስልኩ ይዞ ሰፈሬን ባህል አዳራሽን ይዙር?»

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች።

«የሕመሙ መስመር ለሲስተር ስልክ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ እችላለሁ» አልኳቸው። «ሹፌሩ የሚያየው መንገዱን ነው።»

«መንገዱን ከሆነ ጻፍ» አሉና ትምህርታቸውን ጀመሩ፦ ከባህል አዳራሽ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ በስተቀኝ፣ አረንጓዴ በር፤ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል እንጂ አይነክስም። የጤናውን ግን እኔ እንድጽፍ አልፈቀዱም። ስልካቸውን ይዘው ጀርባቸውን ሰጡንና ፊደል በፊደል ጻፉ።

ሲስተር አየችው። «‹ስኳር፣ በመጠኑ›? ወለሉ ላይ የተገኙትም በመጠኑ ነበር?»

«በመጠኑ»ን አጠፉት።

የሕመሙን መስመር ለሲስተር ብቻ አደረግኩት፤ እንደገና ተጫኑ። ሁለት ስልኮች ጮኹ፤ የሲስተር እጇ ላይ፣ ታች መኪና የሚያጥበው የሹፌሩ ደግሞ እዚሁ ቢሮ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ። መምህሩ የሹፌሩን አነሱ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ስም፣ ወፍጮ ቤት፣ አረንጓዴ በር፣ ውሻ። ገጹን በጣታቸው ወደ ላይ ቢገፉትም ሌላ ነገር አልመጣም።

ስልኩን ወደ ቦታው መለሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ።

«ውሻው አይነክስም የሚለው ላይ አስምርበት» ብለውኝ ወጡ። በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።