ሰርቨሩ የወደቀ ቀን

ከደሴ በወጣሁ ማታ እናቴ አላለቀሰችም። «የተማርሽውን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» ብላ ሸኘችኝ። መተማን ተሻግሬ ጋላባት ስገባ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል፤ ውይ የደሴ ጭጋግ! ካርቱም ደርሼ ከወሎ ልጆች ጋር ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን፤ ጠዋት ፉል፣ ማታ ፉል። እነሱ ሰው ቤት ሲሠሩ እኔ በኮምፒውተር ዲፕሎማዬ «ካርቱም ሁለት» በሚሉት ሰፈር አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ የሰርቨር ሠራተኛ ሆንኩ።

አለቃዬ፣ ሙዲሩ፣ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣልሻለሁ እያለ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ሲል ከረመ። የሱ ቡክራ እንደኛ ነገ መንጋቱን እንጃ። አንድ ቀን የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የሚለቅሙ ፖሊሶች ቢሮው በር ላይ ያዙኝ።

«እሱን ጠይቁት፤ እዚህ ነው የምሠራው» አልኳቸው።

ወጥቶ አየኝና «ማ በዐሪፋ» አለ። አላውቃትም! ጠዋት «ሻይ ጠጣሽ?» ያለኝ ሰውዬ!

አብረውኝ የሚኖሩት የወሎ ልጆች ለምነው ከጣቢያ አስፈቱኝ። ብዙም ሳይቆይ ሙዲሩ ደወለ። «ያ ዘሃራ፣ ሰርቨሩን የሚያውቅልኝ ጠፋ። ማዓሌሽ፣ ነይ።» ሰው ሲበድሉም፣ እግር ሲረግጡም ይቅርታቸው ማዓሌሽ ነው። ሄድኩ። ይቅር ብዬው እንዳይመስላችሁ፤ ቂሜን ይዤ ነው የሄድኩት።

ለአንድ ኮሌጅ የፈተና ውጤት የሚያሳይ ድረ ገጽ ሊያስረክብ ነበር። ብዙ ሰው በአንዴ ሲገባ መቻሉን ልፈትን ብዬ ስጠይቀው «ጊዜ የለም፤ ተፈትኗል በያቸው» አለኝ። ብቻዬን ፈተንኩት። ብዙ ሰው መስሎ ገጹን የሚከፍት ፕሮግራም አለ፤ የሰዉን ቁጥር እየጨመርኩ ስሄድ ሰርቨሩ መንቀራፈፍ ጀመረ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። ድሮ ቢሆን ሮጬ እነግረው ነበር። አልነገርኩትም።

በርክክቡ ቀን የኮሌጁ ዲን «ተማሪው ሁሉ በአንዴ ቢገባስ?» ብሎ ጠየቀ።

ሙዲሩ ሳቀ። «ያ ዶክቶር፣ ሱዳን በሙሉ ቢገባ አይነቃነቅም። ይቺ መሐንዲሴ ናት፣ ጠይቃት።»

ዛሬ አወቀኝ!

«እዚሁ ማየት ይችላሉ» አልኩ።

«ያላ፣ አሳዪያቸው!»

ያንን ፕሮግራም ከፍቼ በጥቂት ሰው ጀመርኩ፤ ገጹ ቶሎ ቶሎ ተከፈተ። ሙዲሩ ደረቱን ነፍቶ «ጨምሪ!» አለ። ጨመርኩ። «አሁንም ጨምሪ!» ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጨመርኩለት። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዲኑ ደጋግሞ ቢጫን ምንም የለም።

«የልጆቹ ውጤት የታለ?» አለ ዲኑ።

ሙዲሩ ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «ያ ዘሃራ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ!»

«ማዓሌሽ» አልኩት። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞር ዞር እያለ ያየኛል። ጀሪፍ ስደርስም አላባራልኝም፤ እንደሳቅሁ ስልክ ቤት ገብቼ ደሴ ደወልኩ።

«ምን ተገኘ ልጄ?» አለች እናቴ።

ሥራ ፈትቼ ነው የምስቀው ልበላት? «እንዲያው ነው፣ እማ።»

«ሳቅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እስቲ ደግመሽ ሳቂልኝ።»

አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ እምቢ አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ አጠገቧ ላለ ሰው «መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ» ስትል ሰማኋት።