ለጋሽ ወልዴ የተረጎምኩላቸው

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህችን ብቻ እዘላታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ቶሮንቶ፣ የዶን ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ ጎርፍ ለመከላከል አዲስ ደሴት ሲሠራ እኔ ገልባጭ መኪና እነዳ ነበር። ድንጋይና አፈር አምጥቼ ዳር ላይ እደፋለሁ። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ከኋላዬ ቆመው በእጃቸው «ና» ወይም «ቁም» ይሉኛል። እሳቸውን በመስታወት ሳላይ ወደ ኋላ መንዳት ክልክል ነው። ሥራውን የያዙት ደሴ የቀሩትን ባለቤታቸውን ለማስመጣት ነበር።

አንድ ጠዋት የሐይቁ ንፋስ ፊት ይልጣል። አባቴን የሚያክል ሰው ለእኔ ብሎ በብርድ ሲቆም አፈርኩ። ሽማግሌ ቆሞ እኔ እቀመጣለሁ እንዴ?

«ጋሼ፣ እርስዎ ገብተው ይሙቁ፤ መኪናውን እኔ ራሴ ወደ ኋላ አስገባዋለሁ» አልኳቸው።

«የሳይቱ ሕግስ?»

«ግድ የለም፣ እኔ አለሁ።»

መርቀውኝ ገቡ። እኔ ወደ ኋላ ነዳሁ። አዲሱ አፈር ከዳኝና መኪናው ሐይቁ ውስጥ ተጋደመ። ዘልዬ ወጣሁ፤ ጭረት እንኳ አልነካኝም።

ፎርማኑ ጠራን። ጋሽ ወልዴ እንግሊዝኛ ብዙም ስለማይችሉ አስተርጓሚያቸው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ለምን ቦታቸውን እንደለቀቁ ጠየቃቸው። «ልጁ አዝኖልኝ ነው እንድገባ የነገረኝ፤ ለደግነቱ ብላችሁ አትቀጡት» አሉ።

እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? «በረደኝ፤ ለማንም ሳልናገር ገባሁ ይላሉ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ፈርቼ ነው ብል፣ ማን ሳይፈራ ይኖራል? እሳቸው እየለመኑልኝ እኔ ሸጥኳቸው። ያኔውኑ አባረሯቸው። ሲወጡ እጄን ይዘው «አንተ ባትኖር በምን አፌ እናገር ነበር?» አሉኝ።

ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋና በመንግሥት ድጎማ መኖር ጀመሩ። በድጎማ የሚኖር ሰው ሚስቱን ማስመጣት አይፈቀድለትም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች እንደጠበቁ ደሴ ላይ አረፉ። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ለቅሶ ሲቀመጡ ወንበር የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ለመጣው ሰው ሁሉ «ያን ጊዜ የተናገረልኝ ይሄ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል ይባላል። የእኔን ግን እሳቸው እየመረቁ አቆዩልኝ።

ደሴቱ አሁን መናፈሻ ሆኗል። ባለፈው እሑድ «የሠራነውን አሳየኝ» ብለውኝ ወሰድኳቸው። ዳሩ ላይ ቆመን ውኃውን ስናይ፣ አሁን ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ምነው ያን ቀን ባልገባሁ፤ ውኃው አንተን ሊወስድብኝ ነበር» አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ከዳሩ አራቅኳቸው።

ብነግራቸው በዚህ አገር አለኝ የሚሉትን አንድ ሰው እነጥቃቸዋለሁ እላለሁ። እሱም ሰበብ ነው፤ የምፈራው ለራሴ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የበደልኳቸውን አያውቁም።