በሙከራው ሰሞን የጠፋ ፊደል

ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ምሽት ምሽት አንድ ካርታ ያሳየን ነበር። ካርታው ላይ ሰፊ ቀይ አገር አለ። ከቀዩ አገር ነጭ ቀስት ይነሣና በዋልታው በኩል ዞሮ እኛ ላይ ይወድቃል፤ ከእኛም ሌላ ቀስት ተነሥቶ ወደዚያ ይሄዳል። የሎስ አንጀለስ ሰው የሚፈራው የሚመጣውን ነበር። አክስቴ ግን የምትፈራው የሚሄደውን ነው። አንድ ልጇ የሚማረው እዚያ፣ ቀዩ አገር ውስጥ ነበርና።

ልጁን ለምህንድስና ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የላከው የአገራችን መንግሥት ነው። እሷ ደግሞ ያንኑ መንግሥት ሸሽታ በሱዳን በኩል ወጣች። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ፌርፋክስ ከሚባለው መንገድ አጠገብ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። እሷ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች፣ እኔ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር የሰው መኪና አቆማለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ስለተማርኩ የቤቱ ምሁር እኔ ነበርኩ። ዜናውን የምተረጉመውም እኔው ነኝ።

"ራሽያ ደግሞ አዲስ ሚሳይል ቴስት አደረገች" አልኳት አንድ ምሽት።

"አለፈች ወይስ ወደቀች?"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። "እትዬ፣ የትምህርት ቤት ፈተና እኮ አይደለም። ሙከራ ነው፣ የጦር መሣሪያ ሙከራ።"

በሳምንቱ አሜሪካም በበኩሏ ሞከረች። የዜናው ሰውዬ ፊቱን አጨማዶ ስለ ሁለቱም አወራ። አክስቴ ሽንኩርት መላጧን ሳታቋርጥ፣ "ሁሉም ተፈታኝ ከሆነ ፈታኙ ማነው?" አለች። ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

የልጁ ደብዳቤ የደረሰን በዚያው ወር ነው። በአዲስ አበባ በኩል ሁለት ወር ተጉዞ፣ በመንገድ ተከፍቶ፣ ተመልሶ በሙጫ ተለጥፎ። ከሰላምታው በኋላ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረው፦ "ፈተና ላይ ነኝ። ካለፍኩ እንገናኛለን። ጸልዪልኝ።"

"የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይሆናል" አልኩ። "ምህንድስና ከባድ ነው።"

"እኔ ልጄን አውቀዋለሁ። ለትምህርት ጸልዪልኝ ብሎ አያውቅም።"

"ታዲያ ሌላ ምን ፈተና አለ?"

"የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው አንተን አላየም" ብላ ደብዳቤውን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ጀመር፤ የሰው ምሳ እየሠራች።

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ስልኩ ጮኸ። መስመሩ ይንኰሻኰሻል፤ ድምፁ ከባሕር ሥር የሚመጣ ይመስላል።

"የእናቱ ቤት ነው?" አለ የማላውቀው ሰው፣ በአማርኛ፣ የልጁን ስም ጠርቶ።

"አዎ፣ እሷ ግን የለችም። የእህቷ ልጅ ነኝ።"

"እንግዲያው አደራ፣ ንገራት። ልጇ ትናንት አረፈ።"

መስመሩ ተቋረጠ። የስልኩን እጀታ እንደያዝኩ ምን ያህል እንደቆምኩ አላስታውስም፤ የማስታውሰው መስኮቱ ላይ የሚወዛወዘውን የዘንባባ ጥላ ብቻ ነው። ልጇ አብሮ አደጌ ነበር። ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው።

የሰፈራችን ሽማግሌ ታክሲ ነጂ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሄጄ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉና፣ "ለብቻህ እንዳትነግራት። መርዶ በሽማግሌ ነው" አሉኝ። "ሶ፣ ቅዳሜና እሁድ ሁላችንም ሺፍት አለን። ሰኞ ጠዋት ለሥራ ሳትወጣ እንደርሳለን። እስከዚያ ፊትህን ጠብቅ፣ ኦኬ?"

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ ከአውቶቡስ ልቀበላት ወጣሁ። ዘንቢሏን ተቀብዬ ጥቂት እንደሄድን ምዕራቡ ሰማይ በራ። አንድ ነጭ ክር ከአድማስ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ተተረተረና ሰማያዊ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ጫፉ ላይ የጽጌረዳ ቀለም ያዘ። ፌርፋክስ ላይ መኪኖች ቆሙ። ሰዎች በሮቻቸውን ክፍት ትተው ወረዱ። ድምፅ የለም። አንድ ሰውዬ "ራሽያዎች ናቸው!" ብሎ ጮኸና በራሱ ድምፅ አፈረ። ያ ሁሉ ቀለም ፊታችን ላይ ወርዶ ነበር፤ የአክስቴ ነጭ የሥራ ልብስ ሳይቀር አረንጓዴ ሆነ። እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፣ ማማሩም አናደደኝ።

እጄን ያዘችኝ። "ወደ ማን ነው የሚሄደው?"

"ወደ ማንም። የአሜሪካኖቹ የራሳቸው የሚሳይል ሙከራ ነው፣ ሄዶ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃል።"

"እዚያም እንዲህ ይሞክራሉ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ልጄም እንዲህ ቆሞ አይቶ ይሆናል።"

"ይሆናል" አልኳት። ከዚያች ቃል የከበደ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ቀለሙ ቀስ እያለ ሳሳ፣ መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ እኛም ወደ ቤት ሄድን።

ሰኞ ገና በማለዳ ጋሼ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አክስቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩን ከፈተች። ነጠላ ያጣፉ አራት ሰዎች በማለዳ ለምን እንደሚመጡ ለማንም መንገር አያስፈልግም። አንዴ "ልጄን!" አለችና ግድግዳውን ተደገፈች። ጋሼ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ፤ ሦስት ቀን ያፈንኩትን አለቀስኩት።

እሷ ግን አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

"ለማን ነው የተነገረው?"

"ለእኔ። በስልክ።"

"ሰውዬው ያለውን ቃል ንገረኝ። እንዳለው።"

"ልጇ ትናንት አረፈ፣ ነው ያለው።"

"አረፈ ነው አለፈ?"

መልሼ ለመስማት ሞከርኩ። የባሕሩ ድምፅ፣ መንኰሻኰሹ፣ የዘንባባው ጥላ ይመጡልኛል። ፊደሏ ግን የለችም።

"መስመሩ መጥፎ ነበር" አልኩ።

"ለ ነው ረ?"

"አላውቅም፣ እትዬ።"

ቀና አለች። "ልጄ 'ካለፍኩ' ብሎ ነው የጻፈልኝ። እኔ አንተ ላላወቅኸው ፊደል አላለቅስም።" ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ አውቶቡሷ ሳያመልጣት ወጣች። አራቱ ሽማግሌዎች እኔን እያዩኝ ተቀመጡ። ጋሼ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "አንተ ልጅ፣ ጆሮህን ሐኪም አይቶት ያውቃል?" አሉኝ።

ከዚያ ስድስት ቀን ጠበቅን። ቀስቶቹ ምሽት ምሽት ይመላለሳሉ፤ እሷ ዜናውን ተርጉምልኝ ማለት ተወች። ሌሊቱን ተኝታ እንደማታድር ግን ዓይኗ ይናገር ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልጸለይኩትን ጸለይኩ፦ ለ ይሁን፣ ለ አድርገው።

በስድስተኛው ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ እንደተመለስን፣ ስልኩ ጮኸ። እንዳልነካው በእጇ ከለከለችኝና ራሷ አነሣችው። አዳመጠች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እስቲ ድገምልኝ" አለች። "ቀስ ብለህ።"

እንደገና ሰማች። ከዚያ እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋችው፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ።

"ምዕራብ በርሊን ነኝ" ይላል የልጁ ድምፅ፣ "ድንበሩን አለፍኩ። ሰው ልኬ አላስነገርኳችሁም? ሀሎ? አለፍኩ እኮ!"

"ሰማህ?" አለችኝ አክስቴ ከመሬት ላይ ሆና። "ለ ነው።"